መደበቂያ የጠፋበት ጦርነት

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቅድመ አያቴ ማይጨው ዘምቷል። አባቴ ደግሞ በባድመ ጦርነት ቆስሎ ነው የተመለሰው። ሰሞኑን ቤት ውስጥ ክርክር ተነሳ። ታላቅ ወንድሜ ‹ጦርነት ያው ጦርነት ነው፣ የተቀየረው መሣሪያው ብቻ ነው› ይላል። እኔ ደግሞ ድሮን ከመጣ ወዲህ ጀግንነት ቀርቷል ባይ ነኝ። እርስዎ መድፈኛ ነበሩ፣ የጦርነት ታሪክም ያስተምራሉ። የዛሬው ጦርነት ከአያቶቻችን ዘመን በምን ይለያል?»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የመሣሪያውን ጉልበት ነው። ጎራዴ፣ ከዚያ ጠመንጃ፣ ከዚያ መድፍ፣ ከዚያ ቦምብ እያለ ይቆጥራል። እኔ ከሌላ ቦታ ልጀምር። ድሮ አንድ ሠራዊት ከጠላቱ ዓይን መሰወር ይችል ነበር። ተራራ ይጋርደዋል፣ ጨለማ ይሸፍነዋል፣ ርቀት ያድነዋል። ዛሬ ይህ ሁሉ እየጠፋ ነው። በመታየትና በመመታት መካከል የነበረው ጊዜ ከቀናት ወደ ደቂቃዎች ወርዷል። ትልቁ ለውጥ ለእኔ ይህ ነው።

አድዋን እንውሰድ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ ወደ 17,700 የሚጠጋ ሠራዊትና 56 መድፍ ይዞ ተንቀሳቀሰ። በእጁ የነበረው ካርታ በችኮላ የተነደፈና ስህተት የሞላበት ነበር። አልቤርቶኔ የተባለው አዛዥ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ካርታው ላይ በዚህ ስም የተጻፈው ኮረብታ ግን ሌላ ነበር። አልቤርቶኔ ስሙን ተከትሎ ወደ ትክክለኛው ኪዳነ ምሕረት አለፈ። ሲነጋ ከጓዶቹ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ከምኒልክ ሠራዊት ፊት ብቻውን ቆሞ ተገኘ። ሌላው አዛዥ ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ጠፋ። ባራቲየሪ የገዛ ጦሩ የት እንዳለ ሳያውቅ ውጊያው አለቀ ማለት ይቻላል።

በእኛ በኩልም ዓይን ማለት ሰው ነበር። ቃፊር፣ ሰላይ፣ እረኛ፣ ነጋዴ። ባሻ አውዓሎም ጣሊያኖቹን እያገለገለ መስሎ ለኢትዮጵያ ወገን እንደሠራ ታሪካችን ይነግረናል። አንድ ሰው በእግሩ የሚያመጣው ወሬ የአንድ ዘመቻ እጣ ይወስን ነበር። ደግሞም አስበው፤ ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ከነስንቁ፣ ከነከብቱ፣ ከነድንኳኑ አድዋ ዙሪያ ሰፍሮ ሰነበተ። ከላይ ሆኖ ያየው የለም። ዛሬ የዚያን ሩብ እንኳ በአንድ ሜዳ ያሰፈረ አዛዥ ለፍርድ ይቀርባል።

አርባ ዓመት ቆይቶ ቅድመ አያትህ ማይጨው ሲደርስ ሰማዩ ተከፍቶ ነበር። ይህን ክፍል ሳስተምር ሁሌም ቀስ እላለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣት ማይጨውን «አድዋ ላይ ያሸነፍን ሰዎች እዚያ ምን ነካን?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ጀግንነታችን አልቀነሰም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጋት ላይ ክቡር ዘበኛና የመኳንንቱ ጦር የጣሊያንን ምሽግ ደጋግመው ሲያጠቁ የታየው ወኔ ከአድዋው አያንስም። ልዩነቱ ሌላ ነው። ጣሊያኖች የእኛን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ያነቡ ነበር። ጥቃቱ እንደሚመጣ ቀድመው አውቀዋል፣ ለመቆፈርም ጊዜ አግኝተዋል። ከላይ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ነበሯቸው። የእኛዎቹ ከአሥር ብዙም የማይበልጡና ለውጊያ የማይሆኑ ነበሩ።

ከሁሉ የከፋው መርዝ ጋዙ ነው። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በተከዜ በኩል የራስ እምሩ ጦር ላይ ሳይቀር፣ ኢፔሪት የሚባለው ጋዝ ከአውሮፕላን ወረደ። ይህ ጋዝ ሣር ላይ፣ ውኃ ላይ፣ መሬት ላይ ይቀራል። በባዶ እግሩ የሚዘምት ወታደር ሣሩን ሲረግጥ እግሩ ይላጣል። ወንዝ ወርዶ ሲጠጣ ጉሮሮው ይቃጠላል። ከማይጨው በኋላ ወደ አሸንጌ ሐይቅ ያፈገፈገው ሠራዊት የደረሰበት ይኸው ነው። ጠላቱን ሳያይ አለቀ። በአድዋ የሚገድልህን ሰው ፊቱን ታየው ነበር። በማይጨው ግን ገዳዩ ከደመና በላይ ነው።

ወደ አባትህ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይገርማል። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የባድመ ጦርነት ሁለት መልክ ነበረው። ሰማይ ላይ ሱ-27 እና ሚግ-29 ይፋለሙ ነበር። በዘመኑ ከነበሩት ምርጥ ተዋጊ ጄቶች ናቸው። መሬት ላይ ግን በባድመ፣ በፆረና፣ በቡሬ በኩል የነበረው ሁኔታ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ይመስል ነበር። ረጅም ምሽግ፣ ፈንጂ የተቀበረበት ሜዳ፣ ከዚያ ያንን ሜዳ የሚያቋርጥ እግረኛ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የሁለቱ አገር ልጅ ነው የረገፈው። አባትህ ያየውን አይቷልና ከእኔ ይልቅ እሱን ጠይቀው።

እኔ ስለ መድፍ ልንገርህ፣ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። በእኛ ጊዜ መድፍ ዓይን የለውም። ዓይኑ ከፊት ያለው ተመልካች ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ መነጽርና ካርታ ይዞ ይተኛል። ኢላማ ሲያይ በሬዲዮ ይናገራል። እኛ ከኋላ አስልተን አንድ ጥይት እንለቃለን። ጥይቱ ሲወድቅ ጭሱን አይቶ «ቀኝ መቶ፣ ቀንስ ሃምሳ» ይላል። ሁለተኛ እንለቃለን። እንደገና ያርማል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ከተሳካልን «ባለህበት!» ይልና ሁሉም መድፍ ይተኩሳል። በዚህ መሀል ደቂቃዎች ያልፋሉ። ከዚያ ማዶ ያለው ወታደር የመጀመሪያዋን ጥይት ሲሰማ ሮጦ ምሽግ ይገባል። እነዚያ ደቂቃዎች የብዙ ሰው ሕይወት አትርፈዋል፤ የጠላትንም፣ የወገንንም። ተመልካቹ ከተመታ ወይም ጉም ከወረደ ደግሞ መድፉ ታወረ ማለት ነው።

አሁን ዩክሬንን ተመልከት። የተመልካቹን ቦታ ትንሽ ድሮን ወስዳዋለች። ኢላማውን ታያለች፣ ቦታው በታብሌት ካርታ ላይ ወዲያው ይወጣል፣ ዩክሬናውያን ክሮፒቫ የሚሉት ሶፍትዌር ስሌቱን ይሠራል። ጥይቱ የት እንደወደቀ ራሷ ድሮኗ በቪዲዮ ታሳያለች። ለመድፈኛ ይህ ሕልም ነው። ለሚተኮስበት እግረኛ ግን ሮጦ ምሽግ የሚገባበት ጊዜ ተወሰደበት ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ ድሮኗ ራሷ ጥይት ሆነች። ኤፍፒቪ የሚሏት አለች። አብራሪው ዓይኑ ላይ መነጽር አድርጎ በካሜራዋ እያየ ይነዳታል። ዋጋዋ ወደ 500 ዶላር አካባቢ ነው። ሥሯ ላይ አርፒጂ የሚባለው የፀረ ታንክ መሣሪያ ጥይት ይታሰርና በሚሊዮኖች ዶላር የተሠራ ታንክ ላይ ትወድቃለች። ታንክ ሲጠፋ ወደ መኪና፣ መኪና ሲጠፋ ወደ አንድ ሰው ትዞራለች። አንድን ወታደር ለብቻው እያሳደደች ዛፍ ዙሪያ ስትዞር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ። እባክህ አትመልከታቸው። እኔ ለሥራዬ ስል አይቻለሁ፣ ከአእምሮ አይወጡም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከፊት መስመሩ በሁለቱም በኩል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ያለው መሬት ቀን የማይሄዱበት ሆነ። ድሮ ከግንባር አምስት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ከሄድክ ሻይ ታፈላለህ፣ ልብስ ታጥባለህ። ደጀን ማለት ያ ነበር። አሁን ስንቅ የሚያመላልሰው መኪና ከሁሉ ቀድሞ የሚታደን ሆኗል። መንገዶች ላይ የዓሣ ማጥመጃ መረብ እንደ ጣሪያ ተዘርግቷል፤ ድሮኗ ተጠልፋ እንድትቀር ነው። ምሽግ ውስጥ ላለ ወታደር ውኃና ምግብ ከአየር የሚጥሉለት ትልልቅ ድሮኖች ናቸው። ጥቃት የሚፈጽመውም ሻለቃ ሙሉ ጦር ሳይሆን ሁለት ሦስት ሰው ነው። ተሽሎክልከው ይገባሉ፣ ምድር ቤት ይደበቃሉ፣ ሌሎች ሁለት እስኪመጡ ይጠብቃሉ።

የቁስለኛው ነገር በጣም ያሳዝነኛል። በአባትህ ጊዜ ቁስለኛ በቃሬዛም በትከሻም ወደ ኋላ ይወጣል፣ ሐኪም ጋ ይደርሳል። አባትህ የተረፈው እንደዚያ ሊሆን ይችላል። አሁን ቃሬዛ የያዙ አራት ሰዎች ከላይ በግልጽ ይታያሉ። ስለዚህ ቁስለኛው ጨለማ እስኪሆን፣ አንዳንዴም ለቀናት፣ እዚያው ይቆያል። ደሙን ለማቆም እግሩ ላይ የታሰረው ማሰሪያ ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ መዳን የሚችል እግር ይቆረጣል። በሰው አልባ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ቁስለኛ ማውጣት የጀመሩት ለዚህ ነው።

መከላከያ የለውም ወይ ትለኝ ይሆናል። አለው። የሬዲዮ ሞገዱን ካፈንክ ድሮኗ ትወድቃለች። አንድ ሰሞን ሁለቱም ወገን በዚህ ተጠበቁ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2024 በቀጭን የፋይበር ገመድ የሚነዱ ድሮኖች በረከቱ። ገመዱ ከድሮኗ ላይ እየተተረተረ ኪሎ ሜትሮችን ይሄዳል፤ የሚታፈን ሞገድ የለም። እዚያ አካባቢ ማሳው ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር በገመድ ተሸፍኗል። በድሮ ጊዜ አንድ መሣሪያ ሃያ ሠላሳ ዓመት ያገለግላል። የምኒልክ ጦር የተኮሰባቸው ብዙዎቹ ጠመንጃዎች አውሮፓ ውስጥ ያረጁ ነበሩ፤ ግን ሠርተዋል። አሁን ባለፈው ዓመት የሠራ ዘዴ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ይህ ሁሉ በዩክሬን ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አዘርባጃን በናጎርኖ ካራባክ ከአርመኖች ጋር ለ44 ቀን ስትዋጋ አንድ ብልሃት ተጠቅማለች። አንቶኖቭ-2 የሚባሉትን፣ ዲዛይናቸው ከ1940ዎቹ የሆነውን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ያለ አብራሪ እንዲበሩ አደረገች። አሮጌዎቹ አውሮፕላኖች ግንባሩ ላይ ሲታዩ የአርመን አየር መከላከያ ተኮሰባቸው። በመተኮሱ ቦታው ታወቀ። ከላይ የሚጠብቁት ድሮኖች ወዲያው መቱት። አየህ፣ እዚህም ቁም ነገሩ መታየት ነው። የተኮሰ ይታያል፣ የታየ ይመታል።

አሁን ወደ ወንድምህ ክርክር ልምጣ፤ እሱም ባዶውን አይደለም። ውኃ፣ ስንቅና መንገድ ዛሬም ጦርነትን ይወስናሉ። ጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ ያስለቀቀው እቴጌ ጣይቱ ያመጡት ሐሳብ ነው፤ የውኃ ምንጩን መያዝ። ራሱ የምኒልክ ጦር አድዋ ላይ ስንቁ እየተሟጠጠ ነበር፤ ባራቲየሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ምናልባት ጦሩ ይበተን ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 መጨረሻ ደግሞ ከኪየቭ በስተሰሜን ወደ 64 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ የሩሲያ ኮንቮይ ነዳጅና ምግብ አጥሮት፣ መንገድ ተዘግቶበት፣ በደፈጣ እየተመታ ቆሞ ቀረ። በሳተላይት ፎቶ ዓለም ሁሉ አየው። መሬት የሚይዘውም አሁንም እግረኛው ነው። ድሮን ይገድላል፣ ያባርራል፤ መንደር ግን አይዝም። ጭቃ ውስጥ የሚያድረው፣ ብርድ የሚቆረጥመው ያው የእናት ልጅ ነው።

«ጀግንነት ቀርቷል» ያልከውን ግን አልቀበልህም። ቅር እንዳይልህ። የቀረው የሚታይ ጀግንነት ነው። በአድዋ አዛዡ ለምድ ደርቦ፣ ጎፈር አድርጎ ከፊት ይወጣል። ያ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ወታደሩ መሪውን አይቶ እንዲከተል የሚያደርግ የአመራር ዘዴ ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ እንደዚያ ከፊት ሆነው ነው የወደቁት። ዛሬ መኮንን ማዕረጉን ይሸፍናል። ብዙ አንቴና ያለበት ቤት የአዛዥ ቤት እንደሆነ ስለሚታወቅ አንቴና ይበተናል። የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት በርካታ የሩሲያ ጄኔራሎች ግንባር አጠገብ ተገድለዋል። የዛሬ ጀግና ሁለት ሳምንት ጉድጓድ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ የሚቀመጥ፣ ጓዱን ለማውጣት ሌሊቱን ስድስት ኪሎ ሜትር የሚሳብ ሰው ነው። አንድም አዝማሪ አያየውም። ይህን ከአድዋው አሳንሼ ማየት አልችልም።

ሌላው የተለወጠው የሰላማዊው ሰው ቦታ ነው። ድሮም ገበሬው ተዘርፏል፣ ተርቧል፣ አገር ጠፍቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ግንባር የሚባል ነገር ነበር፤ ከእሱ የራቀ ሰው ቢያንስ ለጊዜው ያመልጣል። ሻሂድ-136 የሚባለው የኢራን ድሮን ወደ 50 ኪሎ ፈንጂ ይዞ እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ2022 መኸር ጀምሮ በእሱና በሚሳይል የዩክሬንን የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች እየመታች ከተሞችን በክረምት በጨለማና በብርድ አስቀምጣለች። የእኛንም እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የገና ሰሞን ትግራይ ውስጥ ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰው መሞቱ ተዘግቧል። ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት። የትኛውንም ወገን ብትደግፍ ይህን ማዘን አለብህ እላለሁ። ድሮኗ ጥሩ ታያለች። ማየት ግን ማወቅ አይደለም። ከላይ ለሚያይ ሰው የተሰበሰበ ሕዝብ ተዋጊ ይሁን ለቅሶ ቤት በቀላሉ አይለይም።

ስልክህም መሣሪያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. የ2023 አዲስ ዓመት ሌሊት ሩሲያ በያዘችው የዩክሬን ክፍል ማኪይቭካ በምትባል ከተማ አዲስ የተመለመሉ የሩሲያ ወታደሮች አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ አድረው ነበር። ዩክሬን የተኮሰችው ሂማርስ የሚባል የአሜሪካ ሥሪት ሮኬት መታቸው። የሩሲያ ጦር ራሱ 89 ሰው መሞቱን አመነ፤ ምክንያቱ ወታደሮቹ ተከልክለው ሳለ ስልክ መጠቀማቸው ነው አለ። ብዙዎች ጥፋቱን ያን ያህል ሰው አንድ ሕንፃ ውስጥ ባከማቸው አዛዥ ላይ ያደርጋሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ቢሆንም ለእናቱ «መልካም አዲስ ዓመት» ሊል ስልክ ያነሳ ልጅ ቦታውን ሊያጋልጥ የሚችልበት ዘመን ላይ ነን። አገር ቤትም ሆነ ውጭ ያለ ዘመድህ የወታደር መኪና ሲያልፍ ቀርጾ ቢልክልህ አትለጥፈው። ከኮምፒውተር ጌም የተቀዳ ምስል የእውነት ውጊያ ተብሎ በሚሊዮን ሰው እንደታየም አስታውስ፤ በዩክሬን ጦርነት ተደጋግሞ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ያሳስበኛል። ሞገድ ሲታፈንና ገመድ ሲበጠስ ድሮኗ አብራሪዋን ታጣለች። መፍትሔ ተብሎ እየተሠራበት ያለው ማሽኑ የመጨረሻውን መንገድ ራሱ እንዲጨርስ፣ ኢላማውን ራሱ እንዲለይ ማድረግ ነው። ኢላማ ላይ የሚቆልፍ ሶፍትዌር አሁን ግንባር ላይ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬስ ያለ ሰው ውሳኔ የሚገድሉ መሣሪያዎችን የሚከለክል አስገዳጅ ስምምነት እስከ 2026 ድረስ እንዲፈረም እ.ኤ.አ. በ2023 ጠይቀዋል። ኃያላኑ ግን አልቸኮሉም።

ስምምነት ቢፈረምስ ያድናል ወይ? መርዝ ጋዝን የሚከለክለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1925 ወጥቷል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃዋለች። ከሰባት ዓመት በኋላ ጋዙን በቅድመ አያትህ ሠራዊት ላይ ረጨች። ያኔ ግን ቢያንስ የሚጠየቅ ሰው ነበር። ትእዛዝ የሰጠ፣ አውሮፕላን ያበረረ፣ በስሙ የሚታወቅ ሰው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ 60 ዓመት ፈጅቶበት። ማሽን ራሱ መርጦ ትምህርት ቤት ቢመታ ማን ነው ፍርድ ቤት የሚቆመው? ሶፍትዌሩን የጻፈው? የገዛው? ቁልፉን የተጫነው? ለዚህ እስካሁን በሕግ የተጻፈ መልስ የለም። የሕግ ተማሪ የሆነ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን ጥያቄ እንዲይዘው ንገረው።